ከደካማ ጅምር ወደ ሕክምና ትምህርት፦ የላስታ ደጋ ተማሪዎችና የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት

መግቢያ

ከላስታ ደጋማ ቀበሌዎች ተነሥተው ዩኒቨርሲቲ ከሚደርሱት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች መካከል ሐኪም ለመሆን የሚመኘው ጥቂት አይደለም። ምኞቱ ከየት እንደሚመነጭ ማስረዳት አያስቸግርም። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ገደላማ አገር ምጥ የጠናባትን እናት በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገቱን መውጣትና ቁልቁለቱን መውረድ ለመንደር ወጣት እንግዳ ነገር አይደለም። ቃሬዛ ተሸክሞ ያደገ ልጅ ሐኪም ልሁን ቢል ከልቡ ነው።

ይሁን እንጂ የሕክምና ትምህርት ቦታ ከፈላጊው ብዛት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለሆነ መምረጥ ግድ ይላል። ለምርጫው ከሚታዩት መለኪያዎች አንዱና ከባዱ ተማሪው በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የሚያስመዘግበው ውጤት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የደከመ ተማሪ ገና አገሩንና መምህራኑን ሳይለምድ የምኞቱ በር ሲጠብበት ያያል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ተማሪ «አለቀልኝ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ወይም በተቃራኒው ነገሩን አቃሎ በማየት ጊዜውን ያሳልፋል። ሁለቱም ከስሌቱ ጋር የማይስማሙ አቋሞች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አራት ነገሮችን ማብራራት ነው፤ እነርሱም የመግቢያው ሥርዓት የመጣበት ታሪክ፣ የላስታ ተማሪ በጅምር የሚሰናከልባቸው ምክንያቶች፣ የተበላሸ ውጤት ምን ያህል ሊቃና እንደሚችል፣ በመጨረሻም የሁለተኛ ደረጃ መምህርና የትምህርት ዕቅድ አውጪ ሊያደርጉት የሚገባ ሥራ ናቸው።

፩. የመግቢያው ሥርዓት አመጣጥ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የጤና ባለሙያ ሥልጠና ሥር የያዘው የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በኅብረት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ዘግይቶ በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጎንደር ራሷ በጀርመን የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረችው በ1971 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር ይገኛል። ለአገሪቱ የጤና አገልግሎት መሠረት የጣሉት በቅድሚያ ሐኪሞች ሳይሆኑ የጤና መኮንኖች ነበሩ፤ ከጤና መኮንኖቹም መካከል ቆይተው ወደ ሕክምና ትምህርት የተሻገሩ ነበሩ። ይህም በሥራ በኩል አድርጎ ወደ ሕክምና መድረስ በአገራችን የቆየ ልማድ መሆኑን ያሳያል።

የመጀመሪያው ዓመት አቋም በየዘመኑ ተለዋውጧል። በቀድሞው ሥርዓት ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አንድ ዓመት የጋራ ትምህርት ይወስድ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የመሰናዶ ትምህርት ይህን ዓመት ተክቶ በመሥራቱ፣ የተማሪው የትምህርት ዘርፍ በአመዛኙ በመግቢያ ፈተናው ይወሰን ጀመር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን የጋራው የመጀመሪያ ዓመት ተመልሷል። እንግዲህ ምርጫው ከ12ኛ ክፍል ፈተና ማግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተናውም ቀላል መግቢያ አይደለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች፣ ማለትም ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ቁጥሩ 27,267 ወይም 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። በዚህም ምክንያት የማለፊያውን ነጥብ ካላገኙት የተሻሉት ተመርጠው በዩኒቨርሲቲዎችና በኮሌጆች የማካካሻ ትምህርት የሚወስዱበት ሥርዓት ተዘረጋ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎቹ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ተምረው ሲያልፉ ወደ መጀመሪያው ዓመት ይሻገራሉ። በዚህ በኩል የገባ ተማሪ ገና ከደጃፉ «ደካማ» የሚል ስም ይዞ እንደሚገባ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

፪. የላስታ ተማሪ ለምን በጅምር ይሰናከላል?

ደካማ ጅምር ሁሉ ከአንድ ምንጭ አይቀዳም። ምንጩን ለይቶ ያላወቀ መምህር መድኃኒቱንም ሊያውቅ አይችልም። በላስታ፣ በቡግና፣ በጊዳንና በመቄት አካባቢ ለሚያድግ ተማሪ አራት ምክንያቶች ጎልተው ይታያሉ።

ሀ) ቋንቋ። ተማሪው በአንደኛ ደረጃ ዕውቀትን የሚገበየው በአፍ መፍቻው በአማርኛ ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ይሆናል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም መምህሩ ተማሪዎቹን ለመርዳት ሲል ማብራሪያውን በአማርኛ መስጠቱ የተለመደ ነው። ተማሪው አንድ ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ገለጻ አዳምጦ ማስታወሻ እንዲይዝ የሚገደደው ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ነው። ሐሳቡን እያወቀ ጥያቄውን ሳይረዳ ይቀራል።

ለ) የቤተ ሙከራ ልምድ ማነስ። ማይክሮስኮፕን በሥዕል ብቻ የሚያውቅ ተማሪ በመጀመሪያው የባዮሎጂ ተግባራዊ ትምህርት ላይ ከመሣሪያው ጋር ሲታገል ጓደኛው የሕዋሱን ሥዕል ነድፎ ይጨርሳል።

ሐ) ኑሮ። የገጠሩ ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚከታተለው ከቤቱ ርቆ፣ በከተማ ቤት ተከራይቶ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ስንቁን ከእናቱ ቤት እያመላለሰ ነው። ጽናትን ይማርበታል፤ ነገር ግን ለጥናት የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ምግቡና መኝታው ይሟላለታል፤ በምትኩ ሰዓቱን የሚቆጣጠርለት ሰው የለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያመለጠውን ትምህርት በፈተና ዋዜማ አነበዋለሁ ብሎ ሲያስብ ጊዜው ያልፋል።

መ) የትምህርት መቋረጥ። በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ተዘጉ። ቀጥሎም ላሊበላና አካባቢው ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ በጦርነቱ ውስጥ ወደቁ፤ ከተማዪቱም ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እጅ ተመላለሰች። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው የትጥቅ ግጭት ደግሞ የብዙ ትምህርት ቤቶችን ሥራ አስተጓጎለ። በእነዚህ ዓመታት 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል የነበረ ተማሪ በትራንስክሪፕቱ ላይ የማይታይ ጉድለት ይዟል። ለምሳሌ የኬሚስትሪ ስሌት መሠረት የሆነው የሞል ምዕራፍ ሳይማረው ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲው ግን እንደሚያውቀው ቆጥሮ ይጀምራል።

ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም የአእምሮ ድክመት አይደለም። ሁሉም በጊዜና በእርዳታ የሚቃኑ ናቸው። ዳሩ ግን ሥርዓቱ የሚሰጠው ጊዜ ምን ያህል ነው?

፫. የነጥቡ ስሌት

ይህን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። ከፍተኛው ነጥብ 4.0 ነው፤ የሁለቱ መንፈቀ ዓመታት የክሬዲት ሰዓት እኩል ነው እንበል። አንድ ተማሪ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት 2.4 ቢያመጣ፣ የዓመቱ አማካይ 3.0 እንዲሆንለት በሁለተኛው 3.6 ማግኘት አለበት። ይህ ከባድ ነው፤ የማይቻል ግን አይደለም። አማካዩ 3.25 እንዲሆንለት ቢፈልግ ደግሞ 4.1 ያስፈልገዋል፤ ይህ ከጣሪያው በላይ ነው። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በሁሉም ትምህርት «ኤ» ቢያገኝ እንኳ አማካዩ ከ3.2 አያልፍም። ስለዚህ ለሕክምና የሚወዳደሩት 3.5 እና ከዚያ በላይ በያዙበት ዩኒቨርሲቲ ይህ ተማሪ የቱንም ያህል ቢሻሻል በአማካይ ነጥቡ ሊደርስባቸው አይችልም።

አሁን ደግሞ ያው ተማሪ የአራት ዓመት ትምህርት ቢከታተል ስሌቱ ምን እንደሚመስል ይታይ። ስምንት መንፈቀ ዓመታት አሉት። በመጀመሪያው 2.4፣ በቀሩት ሰባቱ 3.5 ቢያመጣ የመጨረሻ አማካዩ 3.36 ይሆናል። የተማሪው ችሎታ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሥርዓቱ የሰጠው ጊዜ ነው። በአንድ ዓመት ሚዛን ሊነሣ የማይችለው ውድቀት በአራት ዓመት ሚዛን ትንሽ ጠባሳ ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ አማካይ ነጥብ ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ መመርመር ይገባል። አማካይ የተጓዘውን መንገድ ሁሉ አንድ ላይ ጨምቆ ያሳያል፤ ተማሪው በጉዞው መጨረሻ የት እንደ ደረሰ ለይቶ አይናገርም። ከ2.4 ተነሥቶ 3.6 የደረሰና ከ3.6 ተነሥቶ ወደ 2.4 የወረደ ሁለት ተማሪዎች እኩል 3.0 ይይዛሉ። አስተዋይ መምህር ግን ሁለቱን እኩል አያያቸውም።

የአካባቢው ነባር ትምህርት ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ከላስታ የምትዋሰነው ዋድላ በቅኔ ትምህርቷ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር የምትጠራ አገር ናት። በቅኔ ቤት ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ ወደ መወድስ ይወጣል። ጀማሪው የሚቆጥረው ቅኔ ይሰበራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ በነጋታው ሌላ ይዞ ይቀርባል። መወድሱን ካደረሰ በኋላ ግን በመጀመሪያው ወር የሰበረው ጉባኤ ቃና ተቆጥሮ ከማዕረጉ አይቀነስበትም። የሚጠየቀው የደረሰበት ነው። ይህ ማለት ዘመናዊው ትምህርት ቤት ነጥብ መያዝን ይተው ማለት አይደለም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን በአንድ መምህር ዕውቅና መመዘን አይቻልም። ነገር ግን የእድገትን አቅጣጫ መመልከት ለዚህ አገር እንግዳ ሐሳብ አለመሆኑን ያስረዳል።

፬. የቀሩት መንገዶች

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የደከመ ተማሪ ያሉት መንገዶች እንደሚከተለው ሊከፈሉ ይችላሉ።

ሀ) እዚያው ማቃናት። ጉድለቱ ትንሽ ከሆነ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሊሞላ ይችላል። ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ስሌቱን በወረቀት ላይ መሥራት አለበት። ብዙ ክሬዲት ያላቸው ትምህርቶች አማካዩን የበለጠ ስለሚስቡ ድካሙን በእነርሱ ላይ ማብዛት ይጠቅመዋል። የወደቀበትን ትምህርት ስለ መድገምና የተደገመው ውጤት ስለሚያዝበት አኳኋን የየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ደንብ የሚለውን ከሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት በጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል። የታመመ ወይም ከባድ ችግር የደረሰበት ተማሪም ሳያመለክት ከመቅረት ይልቅ በደንቡ መሠረት ትምህርቱን አቋርጦ መመለስ ይሻለዋል፤ ሳያመለክት የቀረ ሰው ውጤቱ እንደ ወደቀ ይቆጠርበታል።

ለ) በሌላ የጤና ሙያ በኩል መሻገር። በነርስነት፣ በአዋላጅነት፣ በጤና መኮንንነት፣ በላቦራቶሪ ወይም በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ለብዙዎች የመጨረሻ ግብ ነው፤ ለአንዳንዶች ደግሞ ድልድይ ሊሆን ይችላል። የዚህ ዋና ማስረጃ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ነው። መንግሥት የሐኪም እጥረቱን ለማቃለል በ13 ተቋማት በከፈተው በዚህ መርሐ ግብር በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙ ሰዎች እየተመረጡ ከመደበኛው ባጠረ ጊዜ ሕክምና እንዲማሩ ተደርጓል። ትምህርቱም በችግር ፈቺ ዘዴና ገና ከጅምሩ ከሕሙማን ጋር በመገናኘት ላይ የተመሠረተ ነበር። የመርሐ ግብሩ መሠረተ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ በ18 ዓመቱ ያልተመረጠ ሰው በ25 ዓመቱ ሊመረጥ ይችላል። የዲግሪ ምሩቃን ቅበላ በየዓመቱና በየተቋሙ ስለሚለያይ አመልካቹ የዓመቱን ማስታወቂያ መከታተል ይኖርበታል።

ሐ) የግል ኮሌጅ። በአዲስ አበባ ሕክምና የሚያስተምሩ የግል ኮሌጆች አሉ። ሆኖም የዓመታት ክፍያውን የደጋ ገበሬ ከገብሱና ከበጉ ሽያጭ ይሸፍነዋል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ስለዚህ ይህ በር ለላስታ ተማሪ ከሞላ ጎደል ዝግ ነው ማለት ይቻላል፤ ከላይ በ«ለ» የተጠቀሰው መንገድ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ይበልጥ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የውጭው ዓለም ልምድም ይህንኑ ይደግፋል። በአሜሪካ ተማሪው ለሕክምና ትምህርት የሚያመለክተው አብዛኛውን ጊዜ የአራት ዓመት ኮሌጅ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የደከሙ ደግሞ ከዲግሪ በኋላ የሳይንስ ትምህርቶችን ወስደው ብቃታቸውን የሚያሳዩበት ልዩ ዝግጅት አለ። በአውስትራሊያ የፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 የዲግሪ ምሩቃንን ብቻ የሚቀበል የሕክምና ትምህርት በመጀመር ለአገሩ ፈር ቀዳጅ ሆኗል። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፋፋው በችግር ላይ የተመሠረተ የማስተማር ዘዴም ከልዩ ልዩ ሙያ ለሚመጡ በሳል ተማሪዎች ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል።

፭. አንድ ተገቢ ተቃውሞ

«ሕክምና የሰው ሕይወት የሚያዝበት ሙያ ነው፤ ለደካማ ተማሪ በር መክፈት ሕሙማንን ለአደጋ ማጋለጥ ነው» የሚል ክርክር ይሰማል። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የባዮሎጂና የኬሚስትሪ መሠረቱ የላላ ተማሪ በአናቶሚና በፊዚዮሎጂ ዓመት ይወድቃል፤ እርሱም ይጎዳል፣ ቦታውም ይባክናል። ስለዚህ ርኅራኄ ብቻውን የመግቢያ መለኪያ ሊሆን አይገባም።

ነገር ግን ሁለተኛ ዕድል መስጠትና መለኪያን ዝቅ ማድረግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዘግይቶ የሚገባው ተማሪ ያንኑ ፈተና ይፈተን፣ ያንኑ የሙያ ብቃት ምዘና ይለፍ። የሚለየው መለኪያው አይደለም፤ የሚለካበት ጊዜ ነው። ደግሞም የእንግሊዝኛ ገለጻ ለማዳመጥ ስድስት ወር የፈጀበት ተማሪ በሰባተኛው ወር ከጓደኞቹ እኩል ከቆመ፣ ጉድለቱ የነበረው ከዕውቀት መቀበል አቅሙ ላይ ሳይሆን ከልምዱ ላይ መሆኑ ታውቋል። በአንጻሩ አራት መንፈቀ ዓመት ሙሉ በሳይንስ ትምህርቶች የደከመ ተማሪን ወደ ሌላ መስክ መምራት ለራሱም የሚበጅ ምክር ነው።

፮. የመምህሩና የዕቅድ አውጪው ድርሻ

የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ያለ ተጨማሪ በጀት ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ ነው።

1ኛ/ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ቢያንስ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ማስተማርና ተማሪዎች ማስታወሻ እንዲይዙ ማድረግ፤ ማስታወሻውንም ሰብስቦ ማረም።

2ኛ/ በተቋረጡት ዓመታት ያልተሸፈኑትን ምዕራፎች በዝርዝር መዝግቦ ለተማሪው መስጠት። ተማሪው ምን እንዳልተማረ ካወቀ ክረምቱን በከንቱ አያሳልፍም።

3ኛ/ ከትምህርት ቤቱ ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ተማሪዎች ለዕረፍት ሲመለሱ፣ ይልቁንም በገና ሰሞን ወደ ላሊበላ የሚመጡትን፣ ስለ መጀመሪያው ዓመት ለታናናሾቻቸው እንዲያስረዱ መጋበዝ።

4ኛ/ የነጥብ አማካይ አሠራርን እንደ ሒሳብ መልመጃ ማስተማር። ተማሪው ስሌቱን ማወቅ ያለበት ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት ነው።

የዕቅድ አውጪዎችና የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ደግሞ የሚከተሉትን ቢመለከቱ መልካም ይሆናል። አንደኛ፣ ለሕክምና ምደባ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የሳይንስ ውጤት ከመጀመሪያው የበለጠ ክብደት እንዲኖረው ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይጠና። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አጋማሽ የደከሙት ተለይተው የማጠናከሪያ ትምህርት ያግኙ፤ ከመጨረሻው ፈተና በኋላ የሚሰጥ ምክር የቀብር ማግሥት መድኃኒት ነው። ሦስተኛ፣ ከጤና ባለሙያዎች መካከል በገጠር ያገለገሉት ወደ ሕክምና ትምህርት የሚሻገሩበት ቋሚ የቦታ ድርሻ ይመደብ። ቃሬዛውን የተሸከመ ነርስ ወይም የጤና መኮንን ሐኪም ሆኖ ወደዚያው አገር የመመለስ ዕድሉ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ታየው ደካማ ጅምር በራሱ ፍርድ አይደለም፤ ፍርድ የሚያደርገው የሚታይበት ጊዜ ማጠር ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚካሄድ ምርጫ በዝግጅት የተሻለውን ይመርጣል፤ በዝግጅት የተሻለው ግን ሁልጊዜ በችሎታ የተሻለው አይደለም። ጦርነትና ወረርሽኝ ትምህርቱን ያቋረጡበት የላስታ ተማሪ የጠፋበትን ጊዜ የሚያካክስበት ጊዜ ይፈልጋል። መምህሩ ይህን ጊዜ በሁለተኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ሊያበዛለት ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲው በመጀመሪያው ዓመት አመዛዘኑ፣ ዕቅድ አውጪውም ከዲግሪ በኋላ የሚገባበትን በር ባለመዝጋት ሊያበዙለት ይችላሉ። ሦስቱ ከተባበሩ የደጋው ሕዝብ ከራሱ ልጆች መካከል ሐኪም ሊያገኝ ይችላል።